የፌርናን ጡሩምባ ዝም ያለ ቀን

ዲሴምበር 3፣ ማክሰኞ

ከዜሮ በታች አሥራ ዘጠኝ። ገና ነው፤ ይሄ ብርድ አይባልም። ጠዋት ባዶ ተሳቢ እየጎተትኩ ሎንግላክ፣ ከመሰንጠቂያው የእንጨት ፍቅፋቂ ጭኜ ማታ ወደ ቤቴ፣ ወደ ኸርስት። መንገዱ ጥሩ ነበር። አንድ ግዙፍ አጋዘን መሀል አስፋልት ቆሞ አፈጠጠብኝ... ቆሜ አሳለፍኩት። አገሩ ነው፣ ምን እለዋለሁ?

የጉዞ መዝገቡ በኮምፒውተር ከሆነ ወዲህ እነዚህ ባዶ ደብተሮች ተርፈውኝ ቀሩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ማታ ማታ ሲጽፍ የኖረ እጅ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ስለዚህ እጽፋለሁ። ለማን? ለማንም።

አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ በማዳም ሎሬት ደጅ ሳልፍ ጡሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋሁ። ድልድዩ ጋ ስደርስ በስፖኪዮ አየሁ። የደጃቸው መብራት በራ። ደህና ናቸው፣ ደህና ነኝ። የቀኑ ወሬ ይኸው ነው።

ዲሴምበር 8፣ እሑድ

በፒክአፑ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ነድቼ ማዳም ሎሬት ጋ ዋልኩ። እንጨት ፈለጥኩ፣ የደጁን በረዶ ዛቅሁ። የአተር ሾርባ በአሳማ ሥጋ ሠርተው ጠበቁኝ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ድስቱን እኔ ላውርድ ስላቸው አሁንም በጭልፋው እጄን ይመቱኛል።

"ቁጭ በል! እንግዳ ነህ።"

"ሠላሳ ስምንት ዓመት እንግዳ?"

"አልሄድ ስላልክ ነዋ!"

መንዳት ያስተማረኝ ባለቤታቸው ፌርናን ነው። እሱ ሲነዳ፣ እሳቸው እዚህ መንገድ ዳር ነዳጅ ሲቀዱ ኖሩ። ማደያው ከተዘጋ ቆየ። ከምሰሶው ጫፍ ያለው መብራት ብቻ ቀርቷል።

ፌርናን የሞተው ከድልድዩ ማዶ፣ ኩርባው ላይ ነው። ልቡ። መኪናውን ጥግ አስይዞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ መሪው ላይ ተደፍቶ እስኪነጋ ቆየ። ስንቱ ሾፌር አልፎታል፣ የተኛ መስሎት። እሳቸው ደግሞ ከዚያ ሦስት መቶ ሜትር ርቀት ላይ መስኮት ሥር ተቀምጠው ጡሩምባውን ይጠብቁ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ፣ "ጡሩምባውን ከመኪናው ፈተህ አንተ ላይ ግጠመው" አሉኝ። "ሌላ ድምፅ አልፈልግም። ሁለት ጊዜ ንፋ፤ እኔ መብራቱን አበራለሁ። ካላበራሁ ተመለስ። ካልነፋህ እኔ እመጣለሁ።"

ስቄ ነበር። በምን ይመጣሉ? በእግራቸው?

ዲሴምበር 19፣ ሐሙስ

ከዜሮ በታች ሠላሳ ሦስት። ዛሬ የመኪኖቻችን ግቢ መሳቂያ ሆኜ ዋልኩ።

ጠዋት ልወጣ ስል ለሙከራ የጡሩምባውን ገመድ ሳብ አደረግሁት። ለቀቅሁት። እሱ ግን አልለቀቀም! ቫልቩ ውስጥ ውሃ ኖሮ፣ ውሃው በረዶ ሆኖ፣ አፉን እንደከፈተ ደርቋል። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ጮኸ። ፍሬኑ የሚሠራበትን የታንኩን ንፋስ ጠጥቶ ሲጨርስ ፍሬኑ ራሱን ቆለፈና የግቢው በር ላይ ገትሮኝ ቀረ። ከኋላዬ አምስት መኪና።

ጆዜ ከጋቢናዋ ዘላ ወረደች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ተሳቢ ወደ ኋላ በማስገባት ከሁላችንም ትበልጣለች፤ አፏ ግን አይጣል ነው።

"አጎቴ ዜኖን! ሰርግ ነው እንዴ? ሙሽራዋ የታለች?"

ሜካኒኩ ጋስቶን በሙቅ አየር አቀለጠልኝ። ይሄ የጡሩምባው ቱቦ ከየት ነው የተሳበው፣ መኪናውን አምጣውና ልፈትሸው አለኝ። ከገና በኋላ አልኩት። ማታ ፌርናን ያደርግ እንደነበረው የቱቦውን ራስ ፈትቼ አንድ ቆርኪ አልኮል አፈሰስኩበት። አልኮል በረዶ አይሆንም። ፌርናን ዕድሜውን ሙሉ ክረምቱን የወጣው እንዲህ ነው። ጋስቶን ምን ያውቃል?

ዲሴምበር 25

ገና። የታሸገ ሾርባ። ስልኩ አልጮኸም።

ዲሴምበር 27፣ ዓርብ

ማዳም ሎሬትን ልጃቸው ዳንየል ለበዓሉ እሱ ወዳለበት ከተማ፣ ሰድበሪ ወስዷቸዋል። ቤቱ ጨለማ ነው። ቢሆንም ሁለት ጊዜ ነፋሁ። ማን ሰማ? ዛፉ።

ድልድዩ ጋ ስደርስ ደግሞ በስፖኪዮ አየሁ። ምን እንደምጠብቅ እንጃ።

ጃንዩዋሪ 10፣ ዓርብ

ሠላሳ ስድስት። ማዳም ሎሬት ተመልሰው መጥተዋል፤ ስነፋ መብራቱ ሳምንቱን ሙሉ በርቶልኛል። ጡሩምባው ግን ዛሬ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሆነ። የመጀመሪያው ድምፅ ወጣ፣ ሁለተኛው መሀል ላይ ታነቀ።

ሁለት ቆርኪ አልኮል ጨመርኩ። ውሃ እንዳይጠራቀም የንፋሱን ታንክ ጠዋት ጠዋት ከፍቼ አፈሳለሁ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ደረቅ ነው ማለት ነው... አይደል?

ጃንዩዋሪ 12፣ እሑድ

ዛሬ ተቀየምኩ። በስድሳ ሦስት ዓመቴ፣ እንደ ሕፃን።

ሾርባ እየበላን ነበር። "ክረምቱ እየከፋ ነው፤ እኔ በየቀኑ ባላልፍ ምን ይሆኑ ነበር?" አልኳቸው። ለወሬ ያህል። ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"አንተ እኔን የምትጠብቀኝ ይመስልሃል?"

"ታዲያ?"

"ዜኖን፣ እኔ ነኝ አንተን የምጠብቅህ! ለእኔ ልጄ ይደውልልኛል፣ ቄሱ ይመጣሉ። አንተ ቤትህ ስትገባ ማን አለህ? ድመት እንኳ የለህም። ያን መብራት የማበራው ለአንተ ነው።"

ሳቁ። እኔም የሳቅሁ መሰልኩ። ሾርባውን ጨረስኩ፣ አመሰገንኩ፣ ወጣሁ። ሰማንያ ኪሎ ሜትር ሙሉ ጥርሴን ነክሼ ነዳሁ። እንጨታቸውን የሚፈልጠው ማነው? ድመት?

ውሸት ቢሆን እኮ አያቃጥለኝም ነበር።

ጃንዩዋሪ 13፣ ሰኞ

ነፋሁ። አጭር አጭር አድርጌ። በራ።

ጃንዩዋሪ 14፣ ማክሰኞ

አርባ ሁለት። የተፋኸው መሬት ሳይደርስ በረዶ የሚሆንበት ብርድ።

ጡሩምባው ዝም አለ። ደጃፋቸው ስደርስ ገመዱን ሳብኩ፤ ምንም። ደገምኩ። ጠቅ የምትል ነገር ብቻ። መሪው ላይ ያለችውን ትንሿን ክላክስ ተጫንኩ... እንደ ጫጩት ጮኸች። ድርብ መስኮት፣ እሱም በበረዶ ተሸፍኖ፣ ምድጃው እየነደደ... ማን ይሰማታል? ብትሰማስ የኔ መሆኗን በምን ያውቃሉ?

ልቁም? አርባ ቶን ጭኛለሁ። የድሮው ማደያ መግቢያ አልተጠረገም። ከፊቴ ዳገት። ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ አለፍኩ። በስፖኪዮ አየሁ። ጨለማ። እንዴት ይብራ፣ ሳልጠራቸው?

ቤት የገባሁት አንድ ሰዓት ላይ። ጫማዬን ሳወልቅ ስልኩ ጮኸ። እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ማን አለኝ? አላነሳሁም። ማን ማንን እንደሚጠብቅ ይዩት አልኩ። አሥራ አንድ ጊዜ ጮኸና ቆመ።

እንቁላል ቀቅዬ በላሁ።

ጃንዩዋሪ 15፣ ረቡዕ

ጠዋት ግቢ ስገባ ጆዜ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። ፊቷን አልታጠበችም። አልቀለደችብኝም። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት።

"ማታ የት ነበርክ?"

"ቤቴ። ምነው?"

"ቤትህ" አለች። "ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ። ምን ሆነሻል አንቺ?"

ነገረችኝ። ትናንት ከእኔ በኋላ ነው የጫነችው። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ድልድዩ ጋ ስትደርስ የእጅ ባትሪ መንገድ ዳር ወድቆ ሲበራ አየች። አለፍ ብሎ ካፖርት። ካፖርቱ ውስጥ ማዳም ሎሬት። የፌርናንን ካፖርት ለብሰው፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ በክርናቸው እየተጎተቱ።

"ወደ ቤት የሚጎተቱ መስሎኝ ነበር" አለች ጆዜ። "ለካ ወደ ኩርባው ነው። 'እኔን ተይኝ፣ ዜኖን እዚያ ነው፣ እሱን እይው' አሉኝ። ተሸክሜ ጋቢና አስገባኋቸው። እስከ ሆስፒታሉ ድረስ 'ኩርባውን አየሽው? ደህና አድርገሽ አየሽው?' እያሉ ነው የመጡት።"

ማዳም ሎሬት መጀመሪያ ግቢው ስልክ ደውለው ነበር አሉ፤ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ሰው የለም። ከዚያ ቤቴ ደወሉ።

ጃንዩዋሪ 16፣ ሐሙስ

አሥራ አንድ ጊዜ። እያንዳንዱን ቆጥሬያለሁ። አንዷን ባነሳ ካፖርቱን አይለብሱም ነበር።

ጃንዩዋሪ 19፣ እሑድ

ሆስፒታል ሄድኩ። በአምስተኛው ቀን። ፈርቼ ነው የዘገየሁት፤ እዚህ ላይ እንኳ አልዋሽ።

ዳሌያቸው ተጠግኗል። ከግራ እጃቸው ሁለት ጣቶች ላይ ብርዱ የበላው ጫፍ ጫፉ ተቆርጧል። አልጋው ውስጥ ትንሽ ሆነዋል። ሲያዩኝ መጀመሪያ ዓይናቸው በራ፣ ከላይ እስከ ታች አዩኝ፣ እግሬን፣ እጄን፣ ሙሉ መሆኔን። ከዚያ ፊታቸው ተዘጋ።

"ጡሩምባው ምን ሆኖ ነው?"

"በረዶ ያዘው።"

በጨርቅ የታሰረውን እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ አወጡ።

"ስልኩንስ? ስልኩንም በረዶ ያዘው?"

በታሰረው እጃቸው ላይ ዓይኔን ተክዬ ቆምኩ።

"ተቀይሜ ነበር" አልኩ በመጨረሻ።

"በምን?"

"ድመት እንኳ የለህም ስላሉኝ።"

"ታዲያ አለህ?"

"የለኝም።"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "በል ሂድ። ደክሞኛል።"

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ባርኔጣዬን ፈለግሁ። እጄ ላይ ነበር።

ጃንዩዋሪ 25፣ ቅዳሜ

መኪናውን ጋራዥ አስገባሁ። ገና ካለፈ ወር። ጋስቶን ከሥር ገብቶ ብዙ ቆየ።

"የጡሩምባውን ቱቦ ከእርጥቡ ታንክ የሳበው ማን ነው?"

"እኔ።"

"አንተ?" ራሱን አወጣና አየኝ። "ሌላ ሰው ብትለኝ ይሻል ነበር።"

ጀማሪ እንኳ ያውቀዋል። ከሞተሩ የሚመጣው ንፋስ መጀመሪያ የሚገባው እርጥቡ ታንክ ውስጥ ነው፤ ላቡ ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። ደረቅ ንፋስ ያለው ከእሱ ኋላ ባሉት ታንኮች ነው። እኔም አውቃለሁ። ግን የፌርናን ቱቦ አጭር ነበር። ደረቁ ታንክ ጋ ለመድረስ ግማሽ ሜትር አጠረው። ለጊዜው ይሁን ብዬ ከቅርቡ ሰካሁት። ለጊዜው! ሦስተኛ ክረምቱ ነው። በየቀኑ ያን ገመድ ስስብ ውሃ ወደ ቫልቩ እየላክሁ ነበር።

ጆዜ ቫልቩን ፈታታ መዳፏ ላይ አሳየችኝ። ውስጡ ያለው የጎማ ቀለበት አብጦ ቦታው ላይ ተቀርቅሯል። አልኮሉ ነው። ፌርናን ሲያደርገው አይቻለሁ... ያኔ የነበረው ቫልቭ ሌላ ነበር፤ ይሄ እሱ ከመሞቱ አንድ ዓመት በፊት የቀየረው ነው። እሱ አልኮል ጨምሮበት ያውቃል? አላስታውስም። ጠይቄም አላውቅም።

"ቫልቭን አልኮል ማን ያጠጣል፣ አጎቴ? ራስህ ብትጠጣው ይሻል ነበር" አለች። ግን ቀስ ብላ ነው ያለችው።

ሦስታችን ቀኑን ሙሉ ሠራን። አዲስ ቱቦ ከደረቁ ታንክ ሳብን፤ መሀል ላይ ረግቦ ውሃ እንዳያቁር ወጥሮ አሰርነው። ጣሪያ ላይ የነበረውን ቫልቭ በአዲስ ቀይረን ወደ ጋቢናው ውስጥ፣ ማሞቂያው ጋ አመጣነው። የጡሩምባውን አፍ ትንሽ ወደ ታች ደፋነው፣ በረዶ እንዳይሞላበት።

"ታንኩን መቼ ነው የምታፈሰው?" አለ ጋስቶን።

"ጠዋት። ምንም አይወጣም።"

"ጠዋትማ ምን ይወጣል? በረዶ ሆኖ! ማታ ነው እንጂ፣ ገና ሞተሩን እንዳጠፋህ፣ ሳይቀዘቅዝ።"

ታንኩን ጋራዡ አሙቆት ስለነበር እዚያው ከፈትኩት። አንድ ኩባያ የሚሞላ ቡናማ ውሃ ወጣ። በቃ፣ አንድ ኩባያ። ቆሜ አየሁት። ጆዜ መጥረጊያ ልታመጣ ሄደች፤ ወይም እንዳላፍር ብላ ነው።

ፌብሩዋሪ 9፣ እሑድ

ዳንየል ሆስፒታል ነበር። ጨዋ ሰው ነው። ጨበጠኝ። ስለ ስልኩ አልነገሩትም መሰለኝ... ለምን አልነገሩትም?

ቤቱ ይሸጣል አለኝ። ሐኪሙ ብቻቸውን መኖር አይችሉም ብሏል። ሰድበሪ ይወስዳቸዋል፣ የአረጋውያን ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ።

"መስኮቱ ወደ መንገድ ነው?" አልኩት።

"ወደ መኪና ማቆሚያው።"

ማዳም ሎሬት ሰምተዋል። አንድ ቃል አልተናገሩም። ግድግዳውን ያያሉ።

ፌብሩዋሪ 11፣ ማክሰኞ

ሠላሳ ስምንት። ጡሩምባው እንደ ድሮው፣ እንደ ፌርናን ጊዜ ወጣ። ሁለት ጊዜ። ጫካው መለሰልኝ።

ቤቱ ጨለማ። በረዶው እስከ መስኮቱ። አሁን ቢሠራ ምን ያደርጋል?

በየማታው ታንኩን አፈሳለሁ። ሳላስታጉል። ለማንም።

ፌብሩዋሪ 23፣ እሑድ

ሁለት ሳምንት ሙሉ ያብሰለሰልኩትን ዛሬ ተናገርኩ። መንገድ ላይ ጮክ ብዬ ተለማምጄ ነበር። እዚያ ስደርስ ሁሉም ጠፋብኝ።

"ሐኪሙ ያሉት ብቻዎን መኖር አይችሉም ነው። ብቻዎን ካልሆኑስ?"

"ማን ሊመጣ?"

"የማደያው ክፍል ባዶ ነው። ዳንየልን አናግሬዋለሁ፤ እናቴ እሺ ካለች አለኝ። ጡረታ መውጣት እችላለሁ። እንጨት እፈልጣለሁ፣ ምግብም... እማራለሁ።"

አንዲት ነርስ ገብታ ወጣች።

"አዝነህልኝ ነው? ወይስ ኅሊናህ እየበላህ?"

እርስዎን ለመርዳት ነው ልል ነበር። ተዘጋጅቼበታለሁ።

"ብቻዬን መሆን ሰለቸኝ" አልኩ። "እኔ ቤት ስልክ አይጮህም።"

"ጮሆ ነበር።"

"አዎ። ጮሆ ነበር።" ወደ አልጋው ቀረብኩ። "ይቅር ይበሉኝ፣ ማዳም ሎሬት።"

"እሱን እናያለን" አሉ። "ክረምት ረጅም ነው።" ከዚያ ያልተጎዳውን እጃቸውን አውጥተው በጣታቸው ይቆጥሩልኝ ጀመር። "ጨው አታበዛም። ሳሎኔ ውስጥ አታጨስም። ጡሩምባውን ደግሞ ለዚያች ልጅ ስጣት። እሷ ነች ቆማ ያየችኝ።"

ማርች 28፣ ዓርብ

የመጨረሻ ጉዞዬ። ግቢው ውስጥ ኬክ ቆረሱልኝ። ጋስቶን ንግግር ሊያደርግ ተነስቶ "እንግዲህ..." ብሎ ተቀመጠ።

ጡሩምባውን ጆዜ መኪና ላይ ገጠምኩላት። ከደረቁ ታንክ። ቱቦውን ሁለት ሜትር ትርፍ አድርጌ ነው የገዛሁት።

"አጎቴ፣ ይሄ እኮ እስከ ማዳም ሎሬት ቤት ይደርሳል!"

"ይድረስ።"

ሁለት ጊዜ ሲሉ ሁለት ነው፣ ሦስት እንዳይሆን አልኳት። ታንኩንም ማታ። አውቃለሁ አለች። ማወቅ ብቻ አይበቃም አልኳት፤ እኔም አውቅ ነበር።

ሜይ 4፣ እሑድ

ቤቱ ሳይሸጥ ቀረ፤ ዕቃዬን ወደ ማደያው ክፍል አዛወርኩ። አንድ ምልልስ በቃው። ስድሳ ሦስት ዓመት፣ አንድ ፒክአፕ።

ማዳም ሎሬት በምርኩዛቸው ወጥተው በር ላይ ቆመው አዩኝ። "ይኸው ነው?" አሉ። "ይኸው ነው።" "ጫማህን አራግፍ።"

ኖቬምበር 25፣ ማክሰኞ

ሠላሳ አንድ። የዘንድሮው የመጀመሪያ እውነተኛ ብርድ።

አሥራ አንድ ከሃያ ሆነ፤ ጆዜ የምታልፍበት ሰዓት። ምንም። ማዳም ሎሬት ምድጃው ጋ ሹራብ ይሠራሉ፤ ጫፍ በሌላቸው ጣቶች ክሩ ሲያመልጣቸው ይሳደባሉ። ሾርባው እሳት ላይ ነው። ከሃያ አምስት። መስኮቱ ላይ ያለውን በረዶ በጥፍሬ ፍቄ አየሁ። መኪና መጣ፤ አለፈ። ሌላ ሰው ነው። ወይስ እሷ ነች፣ ጡሩምባው እምቢ ብሏት? ቱቦውን ደህና አድርጌ አጠብቄዋለሁ? ታንኩን ትናንት አፍስሳለች?

ከሃያ ስምንት። ይሄን መንገድ እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ነድቼዋለሁ። መንዳቱ ቀላል ነው። እዚህ መቀመጡ... ማንም አልነገረኝም። ነግረውኝ ነበር ለካ፤ ተቀየምኩ እንጂ።

ተነስቼ የፌርናንን ካፖርት አወረድኩ። አንድ እጄን አስገባሁ።

"ወዴት?"

"ኩርባውን ልየው።"

"ቁጭ በል። በዚህ ቤት አንድ ሞኝ ይበቃል።"

"ማዳም ሎሬት፣ ይሄን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻሉት?"

ከሹራባቸው ቀና አሉ። "መች ቻልኩት? አየኸኝ እኮ።"

አሥራ አንድ ከሠላሳ አምስት ላይ ጮኸ። ሁለት ጊዜ። ረጅም፣ ንጹሕ፣ የፌርናን ድምፅ።

"አብራ እንጂ!" አሉኝ።

ካፖርቱ እጅጌ ውስጥ እጄ ተጣብቆ ማብሪያውን ስፈልግ ዘገየሁ። ሳበራው መኪናዋ ድልድዩን ሳታልፍ አትቀርም። አይታው ይሆን? ሳታየው አልፋ ቢሆንስ?

በላን። ዕቃ አጠብኩ። እጄ አረፋ ውስጥ እንዳለ ስልኩ ጮኸ። አንድ ሰዓት ነው። ሳሙናው ወለሉ ላይ እየተንጠባጠበ ሮጥኩ።

"አጎቴ! መብራቱ የለም እኮ! ምን ሆናችሁ? ልመለስ ነበር፤ ድልድዩን ካለፍኩ በኋላ የበራ መሰለኝና... እርግጠኛ አልነበርኩም። ገና መግባቴ ነው።"

"ደህና ነን፣ ልጄ። እኔ ነኝ የዘገየሁት። አንቺስ? ምን አቆየሽ?"

"ሚዛኑ ጋ ሰልፍ ነበር። ሾርባ አስቀሩልኝ፣ እሑድ እመጣለሁ።"

ዘጋሁት። ዞር ስል ማዳም ሎሬት ሹራባቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ያዩኛል።

"በመጀመሪያው ጥሪ አነሳኸው" አሉ።

ወለሉን ልወለውል ሄድኩ።